መቃኛው ብቻ

ጠግኜ ያበላሸሁት ዕቃ ብዙ ነው። እንዲህ ብሎ የማያምን ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። በደንብ በመጠገኔ ሽማግሌ ፊት የቀረብኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በተወለድኩባት ጅግጅጋ፣ ሱቅ በከፈትኩ በአራተኛው ሳምንት።

አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የሙዚቃ መሣሪያ ስጠግን ኖሬአለሁ። ጊታር፣ ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ቁልፉ የወለቀ ኦርጋን፣ ያልነካሁት የለም። ከዚያ የሱቄ ሰፈር ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። ሌላ ሱቅ ፍለጋ ሦስት ወር ዞሬ ያገኘሁት ከደረጃ ሥር ያለች፣ እኔ ከገባሁ ጊታሩ ደጅ የሚቀርባት ክፍል ነበረች። ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ አባትህ ልጆች ያስጠናበት የነበረው ክፍል ባዶውን ነው፣ በሩም ወደ መንገድ ነው፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም አለችኝ። ሦስቱ ነገሮች የሚገናኙ አይመስሉም፤ እኔ ግን በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

አባቴ ከወሎ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። ጅግጅጋ ሲያስተምር ኖሮ እዚያው አረፈ። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ካርቶን ሙሉ ጠመኔ አለ። ካርቶኑን ልጥለው ስል እናቴ ምን እንዳደረገኝ ጠየቀችኝ። ምንም እንዳላደረገኝ ተናግሬ የሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ገፋሁት።

የሱቁን ማስታወቂያ የሣለልኝ ሰው የሆቴል ምግብ በመሳል የሚተዳደር ነው። ጊታር ሣልልኝ አልኩት፣ ሣለልኝ። ከቅርብ ሲያዩት ጊታር ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ግን የተጠበሰ ዶሮ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠይቀውኝ ሄዱ። ሦስተኛው የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ጠገንኩለት። የቀረውን ጊዜ ጠዋት የጠረግኩትን አቧራ ከሰዓት በኋላ መልሼ በመጥረግ አሳለፍኩ፤ የጅግጅጋ ነፋስ ማንንም ሥራ አያስፈታም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው ለጫት ስለሚቀመጥ፣ ሙሴ ራሱ በገናውን ይዞ ቢመጣ የሚያየው ሰው የለም። በገናው የዳዊት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥራ የፈታ ሰው እንዲህ ነው የሚቀላቀልበት።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት አዴር ዲሪዬ መጡ። ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ካባን ሲጫወቱ በአጥሩ በኩል ይሰማን ነበር። ካባን ሶማሌዎች ኡድ የተባለውን የዓረቦች የክር መሣሪያ የሚጠሩበት ስም ነው፤ ሆዱ ለሁለት የተከፈለ ሐብሐብ የመሰለ፣ አንገቱ ወደ ኋላ የተቀለበሰ መሣሪያ ነው። አዴር ደግሞ አጎት ማለት ነው። ታዲያ እሳቸውም እኔን አዴር ይሉኛል፤ በሶማሌ ወግ አጎት የወንድሙን ልጅ በገዛ ማዕረጉ መልሶ ይጠራዋል። ስለዚህ የምናወራው ሁለት አጎቶች ነን፤ የሚታዘዘው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

አብራቸው የመጣችው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ሆዳን ናት። ባንክ ትሠራለች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልታገባ ነው። ሙሽራው በጅቡቲ ድንበር ባለችው ደወሌ ጉምሩክ ይሠራል፤ ቤተሰቡ ሽንሌ ስለሆኑ ሠርጉም እዚያ ነው። አዴር ዲሪዬ የቀኝ ጆሯቸው ፈጽሞ፣ የግራው ደግሞ በግማሽ ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ተጫውተው አያውቁም። ለሆዳን ግን በሠርግሽ ቀን እጫወታለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። ቃሉን የሰጧት የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ነው፤ እሷም አልረሳችው፣ እሳቸውም።

ካባኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና በጣታቸው አንዱን የክር ማጥበቂያ እንጨት፣ መቃኛውን፣ ነኩ።

«ይኼ ይንሸራተታል። መቃኛው ብቻ። ሌላ እንዳትነካ።»

በደንብ ሰምቻለሁ። እንዲያውም ደብተሬ ላይ «መቃኛ ብቻ» ብዬ ጽፌአለሁ።

እነሱ ሲወጡ ወፍራሙን ክር መታሁት። ነዘረ። ከክሩ ድምፅ ጋር ከሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር ዝዝዝ ይላል። በመስታወትና በትንሽ መብራት ስመለከት ፊቱን ከውስጥ ከሚደግፉት ቀጫጭን እንጨቶች አንዱ ጫፉ ላይ ለቋል። እኔ ባደግኩበት ሙያ ይህ በሽታ ነው፤ መቃኛ የሚንሸራተትበት ሰው ጉንፋን ይዞታል፣ የውስጥ እንጨቱ የለቀቀበት ሰው ግን ሆስፒታል መግባት አለበት። ደግሞም አሰብኩ፤ ሽማግሌው ጆሯቸው ደክሟል፣ መሣሪያቸው መታመሙን እንኳ አያውቁም፣ በዚህ ሁኔታ ሠርግ ላይ ሊዋረዱ ነው። አዘንኩላቸው። ጉድ ያደረገኝ ይኼ አዘኔታ ነው።

አራት ቀን ሠራሁ። የካባኑን ፊት በጋለ ቢላ ከፈትኩ። ከከብት ቆዳ የሚቀቀለውን ሙጫ ጣድኩ፤ እናቴ ከጓዳ ሆና ምን እንደሞተ ጠየቀች። የለቀቀውን እንጨት አጣበቅኩ፣ ያልለቀቁትንም ለጥንቃቄ ደገምኳቸው። ክሮቹን በሙሉ ቀየርኩ፣ እንጨቱን ወለወልኩ፤ መቃኛውን መጨረሻ ላይ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ሊጠይቁኝ ብቅ ሲሉ ካባኑን አሳየኋቸውና ይኼ ማጣበቂያ እኔ በሕይወት እያለሁ አይለቅም አልኳቸው። እሳቸውም ዕድሜዬን ጠየቁኝና ጥሩ ነው አሉ።

አርብ ዕለት አዴር ዲሪዬ ካባኑን ተቀበሉኝ፤ ደረታቸው ላይ አስጠጉና ወፍራሙን ክር መቱ። ቆም አሉ። ደገሙት። መዳፋቸውን የካባኑ ሆድ ላይ አሳረፉና ሦስተኛ ጊዜ መቱ። ከዚያ ወደ ሆዳን ዞረው በሶማሊኛ አንዲት ቃል ተናገሩ። ቃሏን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስለ ሬዲዮ ድንጋይ ስትባል አታስደነግጥም። ሞቷል ማለት ናት።

ሆዳን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «አያቴ በጆሮው አይደለም የሚሰማው» አለችኝ። «ያ ንዝረት ደረቱን ሲመታው ነው ዜማውን የሚከተለው። አሁን ያቀፈው ዝም ያለ እንጨት ነው።»

አፈርኩ። ብትጮህብኝ ኖሮ ጮሄ እመልስ ነበር። ሽማግሌው ካባኑን ወደ ጠረጴዛው መልሰው፣ በደንብ ስለተወለወለ ፊታቸውን አየት አደረጉበትና ወጡ። ለሠርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል። ሽማግሌው ካልተጫወቱ ሆዳን ቃሉ ሳይደርሳት ነው የምትዳረው፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ።

ያጣበቅከውን መልሰህ ንቀላ ትሉኝ ይሆናል። ነቅያለሁ። ድምፁ ግን ባቄላ የገባበት ቆርቆሮ ሆነ። ለካ ለብዙ ዓመት በላብና በነፋስ ቀስ ብሎ የለቀቀ እንጨትና እኔ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያላቀቅኩት እንጨት አንድ አይደሉም። አዴር ዲሪዬ ደረታቸው ላይ አድርገው ሞከሩት፤ ይኼ የሌላ ሰው ነው ብለው መለሱልኝ። በንዴት ከበፊቱ የባሰ ሙጫ አድርጌ አጣበቅኩት።

ከዚያ በገና ትዝ አለኝ። በገና የሚነዝረው እኮ በክሩና በመቆሚያው መካከል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባበት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገና እንዲነዝር ቆዳ ስቆርጥ ኖሬ፣ ካባን ሲነዝር ግን በሽታ አልኩት። ቆዳ ቆርጬ አስገባሁ፤ ነዘረ። ችግሩ፣ ካባኑ እንደ በገና ዐቢይ ጾም ገባ። ሊጠይቁኝ መጥተው የነበሩት ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። አዴር ዲሪዬ ግን ጥቂት አዳምጠው ካባኑን ከደረታቸው አራቁት፤ ይኼ ያዘነ ነው፣ እኔ ደግሞ ልጅ ልድር ነው አሉ።

በዚህ መሐል ወሬው ሻይ ቤት ደርሷል። የመምህሩ ልጅ የዲሪዬን ካባን ገደለው ተባለ። አንዲት ሴትዮ ያስቀመጠችውን ኦርጋን ሳይነካ ልትወስድ መጣች፤ እንዳልነካሁት ሦስት ጊዜ አስማለችኝ። ሱቄ ሥራ ሳይጀምር ስሙ ወጣ፤ አዲስ አበባ የነበረችኝን መንገድ በልቷታል፣ ይቺን ደግሞ እኔው ልበላት ነው።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች ተላኩብኝ። በዚህ አገር ነገር ሲበላሽ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሽማግሌ ያስቀምጣል። ከተላኩት ሦስቱ አዛውንት ታላቅየው፣ ያንተ ወገን ማነው ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ወገን ወሎ ነው፤ የሁለት ቀን አውቶቡስ ነው። እናቴ አለች አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ እናቴ በነዚያ በኩል ተቀምጣለች፤ ከዲሪዬ ቤት ጋር እሳት ስንጫጫር የኖርን ጎረቤታሞች ነን፣ ጥፋቱም ያንተ ነው አለችኝ።

የቀሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገው መጡ። ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው ከጠረጴዛዬ ሥር ካለው ካርቶን ጠመኔ አወጡና ሰሌዳው ላይ የክሩን ርዝመት፣ የእንጨቱን ስፋትና እኔ የማላውቃቸውን ሁለት የግሪክ ፊደላት ጽፈው ማስላት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ተከታተሉ። ሰሌዳው ሲሞላ ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አራገፉና፣ በስሌቱ መሠረት ያ ንዝረት መጀመሪያውኑም ሊኖር የሚችል አልነበረም ብለው ተቀመጡ። የእኛ ወገን ክርክር እዚህ ላይ አበቃ።

ታላቅየው ሽማግሌ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው ፈረዱ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ሥራው ክፉ ነው፤ አትንካ የተባለውን ነክቷል። የሞተውን ማስነሳት አይችልም። ስለዚህ ካባኑን በእጁ ይዞ ሽንሌ ይሄዳል፤ ዲሪዬ ሲጫወት ከጎኑ ሰው ፊት ይቀመጣል። ካማረ ምስጋናው የዲሪዬ ነው። ካላማረ ግን ለሽማግሌ ብቻውን እፍረት ይከብደዋልና ለሁለት ይካፈሉታል። እናቴ ከእኔ ቀድማ ተስማማች።

የሠርጉ ቀን በማለዳ በኪራይ መኪና ተነሣን። ከኋላ ወንበር እኔ ካባኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ከጎኔ ጋሽ ታደሰና እናቴ፣ ከፊት ከሾፌሩ ጎን አዴር ዲሪዬ። ካራማራን፣ ባቢሌን፣ ሐረርን እንደዚያ ታቅፌው አለፍኩ፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር እኔ ሳልሆን እሱ ይደገፍ ነበር። ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ ያዘን። ከተማ ገብተን ለስግደትና ለምሳ ቆምን። ምግብ ቤቱ ጠባብና በሰው የተሞላ ስለነበር ካባኑን አንድ አሳላፊ በትሪ ይመታብኛል ብዬ ፈራሁ። መኪናው ውስጥ አስተኛሁት፣ ሌባ እንዳይደፍረው መስኮቶቹን በሙሉ ዘጋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ተመልሼም መቆለፉን አየሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውቃችሁ። ለደንበኛ የምሰጠው ወረቀት ግርጌ ላይ በቀይ ቀለም የታተመ ማሳሰቢያ አለ። መሣሪያዎን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም የቆዳ ሙጫ ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል።

ሩዝና የፍየል ሥጋ በላን፤ ሻይ ደገምን፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት የጋሽ ታደሰ የድሮ ተማሪ ሆኖ ስለተገኘ ሌላ ሻይ መጣ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በሩን ስከፍት እንደ ዳቦ ቤት ሙቀት ፊቴን መታኝ። ካባኑን አንሥቼ በጣቴ ቆረቆርኩት። ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር መለሰልኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ አይለቅም ያልኩት ማጣበቂያ፣ እኔ በሕይወት ቆሜ እያየሁት ለቋል።

ከድሬዳዋ ሽንሌ ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን ይበልጥ ቀረበ። ማንም ላይ ቃል አልተነፈስኩም፤ ፈሪ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ሆዳን ከባሏ ጎን ተቀምጣ ዓይኗ አያቷ ላይ ነው። አዴር ዲሪዬ ተጠሩ። በፍርዱ መሠረት ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ካባኑን ሳቀብላቸው ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቃተኝና ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«አዴር፣ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ውስጥ ትቼው ተበላሽቷል። ይቅር በሉኝ።»

«ሃዬ» አሉ፤ እሺ ማለት ነው። የተቀመጥኩት በቀኝ በኩላቸው መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ካባኑን ደረታቸው ላይ አስጠጉና ወፍራሙን ክር መቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገሙት። ከዚያ እጄን ያዙና የካባኑ ጀርባ ላይ አደረጉት፤ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ድረስ ወጣ። «መጣ» አሉኝ፤ እንድሰማቸው በአማርኛ።

ተጫወቱ። እኔ የሙዚቃ ሰው ስላልሆንኩ፣ የእንጨት ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ ጨዋታቸው ብዙ አልልም። ያን ድምፅ ግን አወቅኩት። ልጅ ሆኜ አባቴ ለተማሪዎቹ ክፍልፋይ ሲያስረዳ፣ በአጥሩ በኩል የሚመጣው ዝዝዝ ይኸው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙያ ተምሬ የገዛ ሰፈሬን ድምፅ በሽታ ብዬ አከምኩት። አለቀስኩ፤ ጋሽ ታደሰ መሐረባቸውን ሰጡኝ፣ ጠመኔ ነበረበት። ሆዳን ራሷ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ሽማግሌው በመሐል አንድ ክር ሲላላባቸው ጨዋታውን ሳያቋርጡ መቃኛውን ጠምዘዝ እያደረጉ በአውራ ጣታቸው ደግፈው ይቀጥላሉ፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ አደረጉት። ምን ዓይነት ችሎታ ነው ብዬ ተደነቅኩ።

ሲጨርሱ ተነሥተው ይኼን ያዳነው ይኼ ልጅ ነው ብለው ለድንኳኑ ሙሉ ሰው አሳዩኝ። በፍርዱ ምስጋናው የእሳቸው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን አካፈሉኝ። የሽንሌ ሰው ተራ በተራ ጨበጠኝ። አንዱ እሱም ቤት ካባን እንዳለው ነገረኝ። እውነቱን ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ነገር ግን የሚጨበጠው እጅ ብዙ ነበር፣ ሥጋውም እየቀረበ ነበር። ጅግጅጋ ስንመለስ ያቺ ሴትዮ ኦርጋኗን መልሳ አመጣችው። ከሩቋ ጉናጋዶም ሳይቀር አንድ ሰው ካባን ልኮ፣ የዲሪዬን እንዳደረግከው አድርግልኝ አለ። እንዴት እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ።

ሁለት ወር አለፈ። ሆዳን ደወሌ ሄዳለች። አንድ ጠዋት አዴር ዲሪዬ ብቻቸውን፣ ካባናቸውን ይዘው ደጄ ቆሙ። ደንግጬ ተነሣሁ። ገብተው ካባኑን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጡ ካሉ በኋላ፣ በመስኮቱ የገባችውን ፀሐይ አይተው ጥላው ወዳለበት ጥግ ወሰዱት።

«ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጠው» አሉኝ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

ቀኝ ጆሯቸው እንዴት እንደሰማኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ምን ሆኖ መጣ አልኳቸው። በጣታቸው መቃኛውን ነኩ።

ደብተሬን ገለጥኩ። «መቃኛ ብቻ» ይላል፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ። ያን ካባን ከፍቼዋለሁ፣ ዘግቼዋለሁ፣ ክሩን ቀይሬአለሁ፣ ወልውዬዋለሁ፣ አርባ ቀን ጾም አስገብቼዋለሁ፤ ያልነካሁት መቃኛውን ነው። አጎነበስኩና ከጠረጴዛው ሥር የአባቴን ካርቶን ጎተትኩ። መቃኛውን ነቅዬ አንድ ጠመኔ ዙሪያውን አሸሁበት፤ ወደ ቀዳዳው መልሼ ሁለት ጊዜ አዞርኩት። ያዘ። ሻይ አዝዘን ቢሆን ኖሮ ሳይደርስ ሥራው ያልቅ ነበር።

ካባኑን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃኙት፤ ወፍራሙን ክር መቱ። ነዘረ። ክሩ አልላላም። ጥቂት ጠብቀው ደግመው መቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼን ነበር ያልኩህ፣ አዴር።»